ለመሪጌታ ጆሮ የሚሆን ስፒከር

በጡረታ የተሰናበትኩ ሰሞን መካነ ሰላም ገበያ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር። «እንግዲህ ምን ልትሠሪ ነው አስካል?» ይለኛል። «ሬዲዮ እሰማለሁ» እላለሁ። ይስቃል። ዕድሜዬን ሙሉ ሬዲዮ ስጠግን ኖሬ፣ ቁጭ ብዬ ሬዲዮ የሰማሁበት ጊዜ ትንሽ መሆኑን አያውቅማ። የጠጋኝ ጆሮ ዜናውን አይሰማም፤ ከዜናው ሥር ያለውን መንጫጫት፣ የላላውን ሽቦ፣ የተቀደደውን ወረቀት ነው የሚሰማው።

ሥራዬ የትምህርት ሬዲዮ ጥገና ነበር። የዛሬ ልጆች ይህን ስነግራቸው ግራ ይገባቸዋል። በዚያ ዘመን ለየትምህርት ቤቱ ሬዲዮ ይታደላል፤ ትምህርቱ ከሩቅ ይተላለፋል፤ መምህሩ ሬዲዮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከተማሪው ጋር አብሮ ያዳምጣል። ሬዲዮው ሲበላሽ ትምህርቱም ይቆማል። ያኔ እኔ ነኝ የምጠራው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ከላላ ነው። ደሴ ላይ የጥገና ኮርስ ጨርሼ ስነሳ እናቴ «ሴት ልጅ በበቅሎ ብረታ ብረት ጭና አገር ለአገር ልትዞር!» ብላ አለቀሰች። እውነቷን ነበር፤ ዞርኩ። ስለ ደመወዙ ብዙ የምለው የለኝም፤ ይመጣ ነበር፣ ያልቅ ነበር። ያልለቀቀኝ ግን መገረሙ ነው። መብራት በማያውቅ መንደር፣ የብየዳ ካውያዬን በከሰል ፍም አግዬ፣ የተበጠሰውን ሽቦ አያይዤ ቁልፉን ስጠመዝዘው፣ ከዚያ ከሞተ ሳጥን የሰው ድምፅ ይወጣል። ተማሪዎቹ ያጨበጭባሉ። እኔ ሥራዬ ነውና ኮስተር እላለሁ እንጂ ውስጤ እንደ እነሱ ያጨበጭብ ነበር። ሽቦ፣ ማግኔትና የወረቀት ሾጣጣ ተገናኝተው እንዴት ሰው ይናገራሉ? ምክንያቱን ተምሬዋለሁ፤ ፈተናም አልፌበታለሁ። መገረሜ ግን እስከ ዛሬ አልቆመም።

ሙያውን በእጄ ያስያዙኝ ጋሽ ወርቁ ናቸው። ደሴ ያለውን የጥገና ክፍል የሚመሩ፣ አልፎ አልፎም እኛ ወዳለንበት ወረዳ እየመጡ የሚያዩን ቀጭን ሰው ነበሩ። ክፍል ውስጥ ሲገቡ ሣጥናቸውን ሳይከፍቱ መጀመሪያ አንድ ጊዜ ያጨበጭባሉ። ጭብጨባው ከግድግዳው ሲመለስ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው ያዳምጡታል። «ክፍሉም ይናገራል» ይሉኛል፣ «ከሬዲዮው ጋር እኩል እንዳይናገር ነው የምትጠብቂው።» ከዚያ ሄደው መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ከሁሉም ርቆ የሚቀመጠው ተማሪ ቦታ ላይ ይቀመጣሉ። ሬዲዮውን የሚፈትሹት ከዚያ ሆነው ነው። መምህሩን «ምን ተበላሸ?» ብለው ጠይቀው አያውቁም፤ «ምን ይሰማሃል?» ነው የሚሉት።

የስፒከር ወረቀት አይጥ ሲበላው ስስ ወረቀት በሙጫ ለጥፎ ማዳንንም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ሙጫው ከደረቀ በኋላ ሾጣጣውን በሁለት አውራ ጣታቸው ቀስ አድርገው ወደ ውስጥ ይገፉትና ጆሯቸውን ያስጠጋሉ። ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅል ማግኔቱን ከነካ፣ አሸዋ እንደሚረገጥ ያለ ትንሽ ድምፅ ይሰማል። እኔ ያን ድምፅ ለመስማት ወራት ፈጅቶብኛል። የሰማሁት ቀን ጋሽ ወርቁ የራሳቸውን ካውያ አንስተው ሰጡኝ።

ከከላላ በኋላ ወደ አጅባር ተዛወርኩ። ሥራዬ ውስጥ ከባዱ ቀን የደረሰብኝ እዚያ ነው።

ከአጅባር ወጣ ብሎ ባለ አንድ የገጠር አዳራሽ የደም እርቅ ሊፈጸም ነበር። አንድ ሰው ሌላውን ገድሎ፣ ሁለቱ ቤተ ዘመድ ለዓመታት በአንድ መንገድ ሳይሄድ ኖሯል። ሽማግሌዎች ለፍተው፣ የሟች እናት እማማ የሺ በሕዝብ ፊት «ምሬያለሁ» ሊሉ ተስማምተዋል። የዚያን ጊዜው አለቃዬ ድምፅ ማጉያ እንድወስድ አዘዘኝ፤ ያለንን ትልቁን፣ በመኪና ባትሪ የሚሠራውን ጡሩምባ።

አዳራሹ የድንጋይ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። ገብቼ አጨበጨብኩ። ጭብጨባዬ ሦስት አራት ሆኖ ተመለሰ። «ይህ ጡሩምባ እዚህ ቃል አያሰማም፤ ትንሹ ይሻላል» አልኩ።

«ሰው ብዙ ነው፤ ሁሉም መስማት አለበት» አለ አለቃዬ። ከልቡ ነው ያለው፤ ክፋት አልነበረበትም። እርቁ እንዲሰምር እንደሱ የጓጓ አልነበረም።

አዳራሹ ሞላ። የገዳይ ወገን ከኋላ፣ የሟች ወገን ከፊት ተቀመጠ። እማማ የሺ ማይክሮፎኑን ያዙ። የዓመታት ለቅሶ የሻከረው ድምፃቸው በጡሩምባው ሲወጣ ከጣሪያው፣ ከድንጋዩ፣ ከወለሉ ተጋጨ። ከዚያ ማጉያው ማፏጨት ጀመረ። ከፊት ያለነው «ስለ ፈጣሪ ብዬ ምሬያለሁ» ሲሉ ሰማን። ከኋላ ያሉት የሰሙት ግን ጩኸት ብቻ ነው፤ የተቆጣ ሰው ጩኸት።

«አልማረችም!» አለ አንዱ ከኋላ።

«ረገመችን!» አለ ሌላው። አግዳሚው ተገለበጠ። ዱላ ከየጉያው ተነሳ።

በዚያ ቀን እኛን ለማየት መጥተው የነበሩት ጋሽ ወርቁ ከጎኔ ነበሩ። ጎንበስ ብለው የባትሪውን ሽቦ በእጃቸው መዘዙት። አዳራሹ በአንድ ጊዜ ዝም አለ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው «እናቲቱ ያለ ማጉያ ይናገሩ። የሰማ ከኋላው ላለው ይንገር» አሉ። እማማ የሺ ደገሙት። የመጀመሪያው ረድፍ ዞሮ ለሁለተኛው፣ ሁለተኛው ለሦስተኛው ነገረ። «ስለ ፈጣሪ ብዬ ምሬያለሁ» የሚለው ቃል በሰው አፍ እየተላለፈ፣ የሟች ዘመድ ለገዳይ ዘመድ እያቀበለ ሲሄድ ቆሜ አየሁ። ከኋላ ሲደርስ የገዳዩ አባት በጉልበታቸው ወደቁ። እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

ሆኖም የገዳዩ ታናሽ ወንድም መጀመሪያ ጩኸቱ ሲነሳ በጓሮ በር ወጥቶ ሮጧል። ፈለጉት፤ መልእክት ላኩበት፤ ወደ ቆላው ወርዶ ጠፋ። እርቁ ተፈጽሞ ሁለቱ ወገን ሲዋለድ እንኳ እሱ አገሩ አልተመለሰም። እናቱን ገበያ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር «በጆሮው ቢሰማው ኖሮ» ይሉኝ ነበር። ብዙ ነገር ጠግኛለሁ፤ ይህን ግን ልጠግነው አልቻልኩም።

የመጨረሻው ምድቤ መካነ ሰላም ሆነ። እዚህ ነው መሪጌታ ላቀውን ያገባሁት። ባለቤቴ በሚካኤል ደብር ዜማ ሲያስተምሩና ማኅሌት ሲቆሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ማኅሌት ላይ መዘምራኑ ግራና ቀኝ ሆነው በሁለት ወገን ይቆማሉ፤ አንዱ ወገን ሲያዜም ሌላው ይቀበላል። ግራውን ወገን የሚመሩት እሳቸው ነበሩ። እኔ የሳጥኑን ድምፅ፣ እሳቸው የሰውን ድምፅ እየጠበቅን አብረን አረጀን። የትምህርት ሬዲዮውም በሌላ ነገር ተተካና ሣጥኖቹ መጋዘን ገቡ።

የእኔ ጡረታ ሲመጣ የእሳቸው ጆሮ ሄደ። መጀመሪያ የወፍ ድምፅ ጠፋባቸው፤ ቀጥሎ የጸናጽሉ፤ ከዚያ የሰው ንግግር ሁሉ ማጉረምረም ሆነባቸው። ሐኪም «ቀጫጭኑ ድምፅ ሄዷል፤ ወፍራሙ ግን ደህና ነው» አለን። በጆሮ የሚገባውን መሣሪያ ሞከሩት። «ሁሉን በአንድ ላይ ያንጫጫብኛል» ብለው አወጡት። አንድ እሑድ ማኅሌት ላይ ቀኝ ወገን ገና ሳይጨርስ እሳቸው ዜማውን አነሡ። ማንም አልወቀሳቸውም፤ እሳቸው ግን መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቤት መጡ፤ ከዚያ በኋላ ለቅዳሴ እንጂ ለማኅሌት አልሄዱም።

«ምነው ዛሬም ቀሩ?» ስላቸው፣

«አስካል፣ የማይሰማ ሰው መሃል ቆሞ ምን ይሠራል? ያበላሻል እንጂ» አሉኝ።

እኔ ደግሞ ጡረተኛ ነኝ፤ እጄ ሥራ ፈትቷል። ቤታችን ውስጥ መሪጌታ ዜማ የሚሰሙበት ነገር አደርጋለሁ ብዬ ተነሣሁ። የስልክና የቴሌቪዥን ስፒከር ትንሽ ስለሆነ ወፍራሙን ድምፅ አያወጣም፤ የሚያወጣው ያንኑ እሳቸው ያጡትን ቀጭኑን ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው የሚጮህ ስፒከር ሳይሆን ወፍራሙን ድምፅ በልኩ የሚያወጣ ስፒከር ነበር።

ልጃችን ብርሃኑ ይህን በስልክ ብነግረው፣ ከሚኖርበት ከኮምቦልቻ፣ ሠርግ ቤት የሚታየውን ዓይነት፣ ባለ መብራቱን ትልቁን ስፒከር ይዞልን መጣ። ደስ ብሎት ከፈተው። ቤቱ ተናወጠ። መሪጌታ ሁለቱን መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ጭነው ብድግ አሉ። «ምነው ልጄ!» ብለው ወደ ጓሮ ወጡ። ልጄ ደነገጠ፤ «አይሰሙም አላልሽኝም?» አለ። የደከመ ጆሮ ዝግ ያለውን ድምፅ እንደማይሰማ ሁሉ ከባዱንም እንደማይችል የገባው ያኔ ነው። ሳጥኑን መልሶ ጫነው። መሪጌታ እስከ ምሳ ከጓሮ አልገቡም፤ ሲገቡም «ይበቃል አስካል፤ ተይው» አሉኝ።

እኔ ግን አልተውኩትም። «እስከ ደሴ አብረን እንሂድ፤ አንቱ ራስዎ ይምረጡ» አልኳቸው፣ ቃሌን በእጄ ምልክት እያገዝኩ። ብዙ ካንገራገሩ በኋላ ሚኒባስ ተሳፈርን። መንገዱ እንደምታውቁት ነው፤ አጥንታችን እየተቆጠረ ደረስን። በኪሴ የያዝኩት ፍላሽ ውስጥ እኔው በደህና ማይክሮፎን የቀዳሁት የደብራችን ወረብ ከነከበሮው ነበረ። ስፒከር ሲመረጥ ሻጩ የሚያሰማህን ሳይሆን አንተ የምታውቀውን ድምፅ ይዘህ መሄድ ነው። የሻጩ ሙዚቃ በሁሉም ላይ ያምራል።

ሰይድ የሚባል ጎልማሳ ሱቅ ገባን። «አክቲቭ ስፒከር ነው የምንፈልገው፤ ለቤት፣ ጥንዱን» አልኩት። ማጉያው ከነስፒከሩ አንድ ሳጥን ውስጥ ያለ ማለት ነው። ድሮ አምፕሊፋየሩን ለብቻ፣ ስፒከሩን ለብቻ ገዝተን ተስማሙ አልተስማሙ እያልን እንጨነቅ ነበር። አክቲቩን ግን ሠሪው ራሱ አጋብቶ ይልከዋል፤ በደህናዎቹ ላይ ለወፍራሙ ድምፅ የራሱ፣ ለቀጭኑም የራሱ ማጉያ አለው።

ሰይድ መብራት የሚያበራውን ሊያወርድ ሲል «እሱን አይተነዋል» አልኩት።

«እማማ፣ ሰው ሁሉ የሚወስደው እኮ ይሄን ነው።»

«የምንገዛው ለእኚህ ሰው ጆሮ ነው። ቀስ ብለህ ክፈት፤ እሳቸው ይንገሩን።»

መሪጌታን ወንበር ላይ አስቀምጬ ስፒከሮቹን በጆሯቸው ቁመት ልክ አደረግኳቸው። ሰይድ የምናሰማው የቤተ ክርስቲያን ዜማ መሆኑን ሲያይ ሄዶ የሱቁን በር ዘጋው። «የመንገዱ ጩኸት እንዳይረብሻቸው» አለ። ገበያ በሚያጋፋበት ሰዓት ሱቁን ዘጋልን።

የመጀመሪያው ጥንድ ለእኔ ጆሮ ጥርት ያለ ነበር። መሪጌታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ምንም አልለዩም። ሁለተኛው ሲከፈት ቅንድባቸው ተነሣ። ሁሉም ምት ግን አንድ ዓይነት ሆነባቸው፤ «ይሄ ከበሮ አይደለም፤ በርሜል ነው» አሉ። ሰይድ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ልክ ነበሩ። ሳጥኑ ራሱ ነው የሚያጓራው፤ ጎኑን በጣቴ ቆርቆር ባደርገው እንደ ባዶ ጣሳ መለሰልኝ።

ሦስተኛው ጥቁር፣ ጌጥ የሌለው፣ ለማንሣት የሚከብድ ጥንድ ነው። ሰይድ ራሱ ከመደርደሪያው ሥር ነው ያወጣው፤ «ይሄን የሚጠይቀኝ የለም» አለ። ቆርቆር ሳደርገው ዝም አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጌ ወረቡን ከፈትኩት።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጥቂት ቆይተው ጣታቸው መቋሚያቸው ላይ መንቀሳቀስ ጀመረ።

«ሰፊው አፍ» አሉ። የከበሮው አንዱ አፍ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ነው፤ ድምፃቸውም ለየቅል ነው። «አሁን ጠባቡ። ሰፊው። ሰፊው።» እያንዳንዷን ምት ሳይስቱ ይጠሩ ጀመር። ከዚያ ዓይናቸውን ከፍተው ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄ ታምራት ነው! እጁ ሰፊው አፍ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ይዘገያል፤ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ!»

ታምራት የደብራችን ከበሮ መቺ ነው፤ የመሪጌታ የቀድሞ ተማሪ። ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ሰው እኔ ሳናግራቸው ቃሌን አይለዩም፤ ነገር ግን ከጥቁር ሳጥን ከሚወጣ ምት የአንድን ሰው እጅ ለዩ። ዕድሜዬን ሙሉ ጆሮ ማለት ምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ሰይድ መደርደሪያውን ተደግፎ ቆሟል። «ወላሂ እማማ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይህን ዕቃ ስሸጥ ስንት ዘመኔ፤ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር።» መሪጌታ ምን እንዳለ ጠየቁኝና በምልክት ስነግራቸው እጃቸውን ዘርግተው መረቁት። «አሚን፣ አሚን» እያለ ሳጥኖቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሚኒባሱ ድረስ ተሸከመልን።

ቤት እንደደረስን አጨበጨብኩ። ባዶው የጭቃ ግድግዳ መለሰልኝ። አንድ የበግ ቆዳ ሰቀልኩበት፤ የመጻሕፍት መደርደሪያውንም ወደ ኋላ ወሰድኩት። ሳጥኖቹን ከግድግዳው ራቅ፣ ከማዕዘኑም ወጣ አደረግኳቸው፤ ማዕዘን ወፍራሙን ድምፅ ያሳብጠዋል። መብራታችን ከፍ ዝቅ ስለሚል የኃይል መቆጣጠሪያ ገጠምኩላቸው። ከዚያ የመሪጌታን ወንበር ከሁለቱ እኩል ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩ። ይህ ሁሉ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ በሥራ ዘመኔ ግን እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ ያለ አይመስለኝም።

በየቀኑ ይሰሙ ጀመር። ቃሉን አይሰሙትም፤ ቃሉን ድሮም በልባቸው ያውቁታል። ከበሮውን ተከትለው፣ ምቱ ሲለወጥ ግራ የሚጨርስበትን፣ ቀኝ የሚነሣበትን ይይዛሉ። አንድ ቀን ምሳ እየበላን ሳለ ጉርሻቸውን አቆሙና፣

«አስካል፣ እኔ እኮ እስከ ዛሬ የሰዎቹን አፍ ነው ስፈልግ የኖርኩት» አሉ። «ከበሮው ጋ ነበር መቆም የነበረብኝ።»

የኅዳር ሚካኤል ንግሥ ዕለት ነጭ ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ። እኔ ከሴቶቹ በኩል ቆምኩ። ታቦቱ ወጥቶ ዑደቱ ሲያበቃ መዘምራኑ ግራና ቀኝ ሆነው ለወረብ ተሰለፉ። መሪጌታ ወደ ድሮ ቦታቸው፣ ወደ ግራው ራስ አልሄዱም። ተሻግረው ታምራት አጠገብ ሄደው ቆሙ። ሰዉ ተያየ። ታምራትም አያቸው። የቆሙት በጠባቡ አፍ በኩል ነበር። አንገቱ ላይ ያንጠለጠለውን ከበሮ ይዞ ዞረና ሰፊውን አፍ ወደ እሳቸው አደረገው።

ቀኝ ወገን ጀመረ። እጄ የሚነካው ቁልፍ፣ የሚያጠብቀው ሽቦ የለም፤ ቆሜ ከማየት በቀር ሥራ አልነበረኝም። ከበሮው ረገበ፤ ከዚያ ምቱ ተለወጠ። መሪጌታ መቋሚያቸውን አነሡ፤ የዛገ በር እንደሚከፈት ትንሽ ሻከር ብሎ ድምፃቸው ወጣ፤ በቦታው። ግራው ወገን በሙሉ ከኋላቸው ተቀበለ። እልልታው ተነሣ። እኔ እልል ማለት አቃተኝ፤ አፌን በእጄ ይዤ ቆምኩ።

ወረቡ ሲያበቃ የቀኙ መሪ መጥተው ትከሻቸውን ሳሙ። «መሪጌታ፣ የት ጠፍተው ከረሙ?» አሏቸው።

መሪጌታ ፈገግ ብለው፣ «ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ብርሃኑም ኮምቦልቻ ነው» ብለው መለሱ።

ያልተጠየቁትን እንደመለሱ ከፊታችን አነበቡና ወደ እኔ ዞሩ። በእጄ ምልክት አስረዳኋቸው። አንድ አፍታ አሰቡ። ከዚያ ሳቁ፤ ከሆዳቸው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ታምራትም ሳቀ፤ የቀኙ መሪም፤ ግቢው በሙሉ ሳቀ። መሪጌታ በራሳቸው ጆሮ ሲስቁ ያየሁት የዚያን ቀን ብቻ ነው።